ሃያ ሰባት ማይክሮን

ጋምቤላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ዘርአብሩክ
ፑኝዶ

ጤና ይስጥልኝ መምህር፤ እንዴት ሰነበቱ? ወባውስ ተመልሶ አልመጣብዎትም? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ማንጎው አልቋል። የኮሌጁ ወርክሾፕ ጣሪያ እርስዎ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ላይ እንደ ድሮው ያፈሳል። ባጃጆቹም እንደ ድሮው ሰው እግሩን ሳያስገባ ይነሣሉ።

ለጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው፤ የውሃ ፓምፑን ሻፍት ለክቼዋለሁ። «ለክተሽው ነው ወይስ ቁጥሩን ከሥዕሉ ላይ ገልብጠሽ?» ብለው መጻፍዎ ግን አሳዝኖኛል። እውነቱን ልንገርዎትና አናዶኛልም። የሚሊሜትርን ሺኛ የሚያነበውን ማይክሮሜትር እንዴት እንደሚያዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጫፉን ሦስት ጊዜ ቀጭ እስኪል አዙሬ፣ ሻፍቱን ሦስት ቦታ ላይ፣ በየቦታው ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቼ ነው 40.00 ብዬ የጻፍኩት። ፑኝዶ ያለ ሕዝብ በዚያ ፓምፕ ውሃ እንደሚጠጣ አውቃለሁ። እርስዎ ደግሞ ለክቼ 39.97 አገኘሁ፣ ኩሽኔቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል ብለው ጻፉልኝ። ይኸው ሦስተኛው ሻፍት ነው ውድቅ የሆነብኝ። እንግዲህ ወይ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ወይ ሻፍቱ መንገድ ላይ ተቀይሯል። ሌላ ነገር አልታየኝም።

ከሄዱ ወዲህ ስላለው ነገርም ጠይቀዋል። የወርክሾፑ ኃላፊ አሁን አቶ አሸብር ናቸው። ከሁለቱ ማይክሮሜትሮች አንዱ ከጠፋ በኋላ የቀረውን ፋይናንስ ክፍል አስቆልፈውበታል። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈረምልን። ስቀበለው ላዩ ውሃ አውጥቶ ነው የሚመጣው፤ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ እለካለሁ፣ እየሮጥኩ እመልሳለሁ። የንብረት ክፍሉ አቶ ኦኬሎ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በር ላይ ጥበቃ ሆነዋል። ሌባ ናቸው ያለ የለም። አይደሉም ያለም የለም።

የቅጥር ውሌ ሰኔ 30 ያልቃል። የኮሌጁ ኮሚቴ የሻፍቱን ነገር ሳያጣራ እንደማያድስልኝ ነግሮኛል። ቤታችን ውስጥ ደመወዝ ያለኝ እኔ ብቻ መሆኔን ያውቃሉ። ስለዚህ እኔም ልጠይቅዎ፤ እርስዎ በምን ለኩት? የመለኪያውን ዓይነትና ቁጥር ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
አባንግ


ፑኝዶ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባንግ

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወባውም ለጊዜው ትቶኛል። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምሠራበት የውሃ ድርጅት መኪና ጭቃ ይዞት ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድሯል። ለምን አይደውልም ብለሽ እንደሆነ፣ ኔትወርኩ እንደ እንግዳ መጥቶ ይሄዳል። ደግሞም ቁጥር በአፍ ሲነገር ይዛባል፤ በወረቀት ይሻላል።

ተቀይሮ ይሆናል ያልሽውን እኔም መጀመሪያ ጠርጥሬ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ሾፌሩን ትንሣኤን አፋጥጬው እስካሁን አኩርፎኛል። ነገር ግን ሻፍቱ ያንቺ ነው። ጥፍሬን አስሄድኩበት፤ ከልስላሴ ማወዳደሪያው ናሙና ብረት ጎን አስቀምጬ በማጉያ መነጽር አየሁት። ብረት ስትቀርጺ የቶርኖውን ፍጥነት መጨረሻ ላይ ትቀንሺያለሽ፤ ጭረቱ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጥቼሻለሁ። ያንን አመል አስመስሎ የሚሠራ ሰው ጋምቤላ ውስጥ የለም።

ሻፍቱ ካልተቀየረ የሚቀረው መጀመሪያ የጻፍሽው ነው። እኔ አላልኩም፤ ያልሽው አንቺው ነሽ። ቸኩለሽ ከሆነ ንገሪኝ። አሸብር «እንዲህ ብለሽ ጻፊ» ብሎሽ ከሆነም ንገሪኝ፤ ከእኔ አያልፍም። ፖስታሽ ሁለት ጊዜ የታሸገ ይመስላል። ማን ከፈተው?

በምን እንደለካሁ ጠይቀሻል። በደህና መለኪያ ነው የለካሁት።

ለአሸብር፣ ለፋይናንሷ ለእሙዬ፣ ቶርኖ ላይ ላለው ለዘካርያስ፣ ሌላው ቀርቶ በር ላይ ለምትተኛዋ ውሻ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

መምህርሽ
ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ዘርአብሩክ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ፖስታውን ሁለት ጊዜ ያሸግኩት እኔው ነኝ። ውሌ የሚያልቅበትን ቀን ረስቼ ከፍቼ ጨመርኩት። ይህንንም የሚመዘግቡ ከሆነ ይመዝግቡ።

አቶ አሸብር ምንም ጻፊ አላሉኝም። እንዲያውም ሰኞ ዕለት ጠርተው «እስኪጣራ ድረስ ማይክሮሜትሩ ላይ አትፈርሚም» አሉኝ። ስለዚህ አሁን ጠዋት ገብቼ ወርክሾፑን እጠርጋለሁ፣ የቶርኖውን ብረት ፍቅፋቂ እሰበስባለሁ፣ ሌላው ሲለካ ቆሜ አያለሁ። ዘካርያስ አጠገቤ ሲሆን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አስታማሚ ይመስል።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ትንሣኤ እንደነገረኝ፣ ሻፍቶቹ ከአዲስ አበባ ይታዘዙ ብለው ለድርጅትዎ ጽፈዋል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ የእኔ ሥራ መበላሸቱ ለማን ነው የሚጠቅመው? እንደዚህ ብዬ ማሰቤ አሳፍሮኛል፤ ግን መጠርጠርን ማን እንዳስተማረኝ ያውቃሉ። በእርስዎ ደብዳቤዎች ውስጥ የማይጠረጠር ሰው የለም።

ሌላም ነገር አለ። ለውሻዋ ሰላምታ ልከው ከውሻዋ አጠገብ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ለአቶ ኦኬሎ ሳይልኩ ቀሩ። በመጀመሪያው ደብዳቤም አልላኩም። እሳቸው ግን ደብዳቤ መምጣቱን በሰሙ ቁጥር «ዘርአብሩክ ደህና ነው? እዚያ የሚበላ ነገር ያገኛል?» ይሉኛል። አሥር ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል። ተጣልታችሁ ነበር?

የመለኪያውን ቁጥር አሁንም እጠብቃለሁ።

አባንግ


ጋምቤላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ዘርአብሩክ

በቁጣ የጻፉትን ደብዳቤ አንብቤ ቀድጄዋለሁ። «ባለጌ» የሚለውን ቃል ከእርስዎ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም። አንዲት መስመር ግን ቆርጬ አስቀርቻለሁ። «ከማይክሮሜትሩ ላይ የምትጠርጊው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠይቀዋል።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁበት። ከዚያ ወደ አቶ ኦኬሎ ሄጄ ድሮ መለኪያው የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «የትም አይሄድም ነበር፤ እንጨት ሳጥኑ ውስጥ ከሥራው አጠገብ ያድራል» አሉኝ። እርስዎም «ብረት ይደር» እያሉ ማታ አያስለኩንም ነበር። ሻፍቱና መለኪያው ሌሊቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አድረው፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ነበር የምንለካው።

ፋይናንስ ክፍል በግቢው ውስጥ ኤሲ ያለው ብቸኛ ክፍል ነው። ማይክሮሜትሩ እዚያ እየቀዘቀዘ ይከርማል። እኔ የምቀበለው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ውጭው አርባ ዲግሪ ሲሆን። ውሃ የሚያወጣው ለዚያ ነው፤ ቀዝቃዛ ብረት የጋምቤላን አየር ሲያገኝ ያልበዋል። ግማሽ ሰዓቱ እንዳያልፍ የብረቱን መጨረሻ ቅርፊት አንሥቼ ወዲያው ነው የምፈርመው። ሻፍቱ ከቶርኖው ሲወርድ በጨርቅ እንጂ በባዶ እጅ አይያዝም። ቀዝቃዛ መለኪያ፣ የጋለ ሻፍት። ሻፍቱ አብጦ 40.00 ይለኛል። እናንተ ጋ እስኪደርስ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል።

አልዋሸሁም መምህር። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ይህንን ሳውቅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበርና።

ለአቶ አሸብር ነገርኳቸው። «በወሬ አይሆንም፣ በልኬት አሳዪኝ» አሉ። በምን ላሳይ? መለኪያውን መንካት ተከልክያለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይም የጠፋው እስኪገኝ አይወጣም። ስለዚህ እርስዎ ያድርጉልኝ። ሻፍቱ እጅዎ ላይ ነው። መለኪያውን አቀዝቅዘው፣ ሻፍቱን አሙቀው ይለኩት፤ ከዚያ አብረው አሳድረው ጠዋት ደግመው ይለኩት። የልኬት ማረጋገጫ ቅጹን አያይዣለሁ። አራት መስመር ነው ያለው፤ ቀን፣ ሙቀት፣ የተነበበው ልክ፣ የመለኪያው ቁጥር። አራተኛውን አደራ።

አክባሪዎ
አባንግ


ፑኝዶ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባንግ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዚያ ቃል ይቅርታ። በእኔ ዕድሜ እንደዚያ መጻፍ ነውር ነው።

እንዳልሽው አደረግሁ። ማይክሮሜትሩን በጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክፍል አሳደርኩት፤ ሃያ አንድ ዲግሪ ነው። ሻፍቱን በፈላ ውሃ ነክሬ አውጥቼ ወለወልኩት፤ ሰማንያ ዲግሪ ያህል ይሆናል። ወዲያው ለካሁት፤ 39.997። ከዚያ ሁለቱንም ጠረጴዛዬ ላይ አሳድሬ ጎሕ ሲቀድ ለካሁ፤ 39.970። ልዩነቱ ሃያ ሰባት ማይክሮን፣ የሚሊሜትር ሃያ ሰባት ሺኛ ነው፤ የጸጉር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሦስት ሻፍት ያበላሸው እሱ ነው። አባንግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አስቦ የደረሰበት ተማሪ አላጋጠመኝም። ኮርቼብሻለሁ።

የአዲስ አበባው ነገር እውነት ነው፤ ጽፌአለሁ። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሲሰለፉ እያየሁ አራተኛ ሻፍት አልጠብቅም ብዬ ነው። አንቺን ለመጉዳት አልነበረም።

ከኦኬሎ ጋር አልተጣላንም። ለምን እንደምትጠይቂኝ አልገባኝም።

ቅጹ ላይ ሦስቱን መስመር ሞልቻለሁ። የመለኪያው ቁጥር ከአገልግሎት ብዛት ተፍቋል፤ አይነበብም። ለአሸብር እንዲህ ብለሽ ብታስረጂው ይረዳል።

ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ዘርአብሩክ

አቶ አሸብር አልተረዱም። ኮሚቴው ፊት ቅጹን ወደላይ ከፍ አድርገው «ቁጥር የሌለው መለኪያ ስም እንደሌለው ምስክር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

ሌሊት ሌሊት ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ ደረደርኳቸው። ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጠየቅሁ። መጀመሪያ «በደህና መለኪያ ነው» አሉኝ፤ ቀጥሎ በቁጣ አለፉኝ፤ አሁን ደግሞ ተፍቋል አሉኝ። መምህር፣ እርስዎ እኮ ማይክሮሜትርን ከሞረድ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡም። የተማሪ እጅ ላብ እንዳይነካው በየቀኑ የሚወለውሉ ሰው ነዎት። በብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር እርስዎ እጅ ላይ ተፋቀ ቢሉኝ አላምንም።

ትንሣኤን ጠየቅሁት። ድርጅታችሁ እስከ ሺኛ የማያነበውን ካሊፐር እንጂ ማይክሮሜትር ገዝቶ አያውቅም አለኝ።

አንድ ነገር ልጽፍ አስቤ ሰረዝኩት። «ሌባ እናት» ብሎ የሚጀምር ተረት ነው፤ መጨረሻውን ያውቁታል። እንደዚያ አድርገው የጠረጠሩኝ ለምን እንደሆነ ብቻ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ኮሚቴው ሰኔ 23 ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባል። ያ ቅጽ ካልሞላ ልኬት አጭበርባሪ ተብዬ ነው የምወጣው፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ የሚቀጥረኝ ወርክሾፕ የለም። አልለምንዎትም። በእጅዎ ያለው መለኪያ የማን ነው?

አባንግ


ፑኝዶ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባንግ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩት። ያለ ሰላምታ ልቀጥል።

ቅጹን ሞልቼዋለሁ። አራተኛው መስመር ላይ ያለው ቁጥር 6108824 ነው። እሙዬ የንብረት መዝገቡን አውጥታ ታመሳክረው። የጠፋው የኮሌጁ ማይክሮሜትር ነው። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኦኬሎ አያውቅም፤ ማንም አያውቅም።

ልሰርቀው ብዬ አልነበረም ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ይሆናል። ፑኝዶ ካሊፐር ብቻ እንዳለ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እጄ ላይ የኖረ ዕቃ ነው፤ ለእነሱ ከምተወው ከእኔ ጋር ይሻለዋል አልኩ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። በመጨረሻው ቀን ርክክብ ላይ ኦኬሎ ሳጥኖቹን ሳይከፍት ፈረመልኝ። «አንተን ደግሞ ልቆጥርህ?» ብሎ ሳቀ። ከወር በኋላ በቆጠራ መጥፋቱ ሲታወቅ፣ ዛሬ እመልሳለሁ ነገ እመልሳለሁ ስል፣ እሱን በር ላይ እንዳስቀመጡት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መመለስ ማለት ይህንን ደብዳቤ መጻፍ ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ ሳልጽፈው ቆየሁ። ሰላምታ የነፈግሁት ተጣልቼው አይደለም፤ ስሙን መጻፍ አቅቶኝ ነው።

መለኪያው የተቆለፈው እኔ ስለሰረቅሁ ነው። የቀዘቀዘው ስለተቆለፈ ነው። አንቺ ላይ የደረሰው ሁሉ ከእኔ ሻንጣ የወጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አንቺን ስመረምር ነበር። ለምን እንደዚያ ጠረጠሩኝ ብለሻል። ተረቱን አትሰርዢው፤ ሌባ እናት ልጇን አታምንም ነው የሚለው።

ማይክሮሜትሩን በሳጥኑ፣ ሻፍቱንም ጨምሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያቸዋለሁ። ትንሣኤ ሳጥኑ ምን እንደያዘ አያውቅም። ደብዳቤውን ለኮሚቴው አንብቢላቸው፤ ምንም አትዝለዪ። ኦኬሎን በአንቺ አፍ ይቅርታ አልጠይቀውም። መንገዱ ሲደርቅ ራሴ እመጣለሁ፤ የሚመጣብኝም ይምጣ።

ዘርአብሩክ


ጋምቤላ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ዘርአብሩክ

እንደምን ሰነበቱ። መድረሱን እንዲያውቁ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩት።

ደብዳቤውን ከመስጠቴ በፊት አንድ ሌሊት ያዝኩት። የተቆጣሁትን ያህል አዝኜልዎታለሁ፤ ቀድጄ ልጣለው ያልኩበት ሰዓትም ነበር። ጠዋት ስገባ አቶ ኦኬሎ በሩን ከፈቱልኝና እንደ ሁልጊዜው ስለ እርስዎ ጤና ጠየቁኝ። በቀጥታ ኮሚቴው ጋ ሄጄ ሰጠሁ።

እሙዬ መዝገቡን ከፍታ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሻፍቱንና ሁለቱን ማይክሮሜትሮች ወርክሾፑ ውስጥ አሳድረን በማግሥቱ እኔ ለካሁ፣ አቶ አሸብር አዩ። እርስዎ የጻፉት ልክ ነው የወጣው። ውሌ ለአንድ ዓመት ታድሷል። አቶ አሸብር ይቅርታ ሳይጠይቁኝ ቁልፉን ሰጡኝ፤ ከእሳቸው ይኸው ይበቃኛል። ስለ እርስዎ ለድርጅትዎ ደብዳቤ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ምን እንደሚመጣ አልነገሩኝም።

አቶ ኦኬሎ ሲነገራቸው የደብዳቤዎን ግልባጭ ለቤታቸው እንዲሆን ጠየቁና ማታ ይዘውኝ ሄዱ። ባለቤታቸው አጁሉ አማርኛ አያነቡም፤ ስለዚህ በአኙዋክኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አጁሉ ሽንኩርት እየላጡ ይሰሙኝ ነበር። «የወሰድኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ቢላዋውን አስቀምጠው «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «እንደዚያ ብሎ ነው የጻፈው? በራሱ እጅ?» አሉ። እንደገና አነበብኩት። ያነበብኩበትን መስመር በጣታቸው ነኩና፣ ባላቸውን ሳያዩ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ ይሰማን ነበር።

እኔ የደስታ መስሎኝ ለአቶ ኦኬሎ ፈገግ አልኩላቸው። እሳቸው ግን ግልባጩን አጣጥፈው እያዩ ቁጭ ብለዋል።

«ዓመት ከመንፈቅ አንድም ቀን ወሰድከው ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም» አሉኝ። «የማትጠይቀኝ ስለምታምነኝ ነው ብዬ ነበር።»

አባንግ